የእሌኒ ድራማና የእኔ ዝውውር

ግንቦት 2 ቀን 1998

የታሪክ ክበቡ እቴጌ እሌኒን መረጠ።

ግንቦት 5

ድራማውን እኔ እንድጽፍ ተባለ፤ ለወላጆች በዓል። ማርያማዊት፣ የአሥረኛ ክፍሏ፣ «መምህር፣ እሌኒ የእርስዎ አገር ሰው አይደለችም?» አለች። ነች። የሐድያ ልጅ። ደባርቅ አራት ዓመት ሳስተምር ሐድያን ያነሣልኝ ተማሪ እሷ ናት።

ግንቦት 14

የሚለዋወጠኝ መምህር ተገኘ! የዳባት ልጅ ነው፤ ሆሳዕና ያስተምራል። እሱ ወደዚህ፣ እኔ ወደ እናቴ። ፎርሙን ሞላሁ።

ይግዛው ከሳንቃ በር ወርዶ አደረ። የፓርክ ጠባቂ፣ የስካውት ባል... በወር ሁለት ሌሊት። «ስትደላደይ እከተልሻለሁ» አለ። ያለ ገደል ምን ሊሠራ? «እናትህስ?» ስለው ጠመንጃውን መወልወል ጀመረ።

ግንቦት 22

የድራማው ጽሑፍ አልሄድ ብሎኝ ቆመ። ሐድያዊቷ ለአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ተዳረች፣ እሺ። እሌኒ የክርስትና ስሟ ነው። አባቷ ቤት ማን ነበረች? ያገኘሁት መጽሐፍ አይልም። ከራሴ ፈጥሬ አንዲት አማት ሰጠኋት፤ ስሙን እሷ ታውጣላት።

ግንቦት 23

አማቴን ልጠይቅ ሄድሁ። በዚህ አገር ለሙሽራ ስም የምታወጣ አማት ናት። ለእኔ አልወጣም። ማዘጋጃ ቤት ፈርመን መጣን፤ ዳስ አልተጣለ። ሦስት ዓመት ሙሉ «መምህሯ» ነኝ።

«እትዬ ሸጊቱ፣ ስም ሲወጣ ምን ይባላል?»

«ለማን?»

«ለድራማ።»

«ኧረ ጉድ! ደግሞ ሙሽራ ትጠይቃለች? አፏን ይዛ ትቀመጣለች እንጂ!»

ምን ነካኝ? ስም ልለምን የሄድሁ መሰለ።

ሰኔ 17

ድራማው አማረ። ማርያማዊት ጥጥ ፀጉሯ ላይ ለጥፋ፣ ያረጀችው እሌኒ ሆና ለሕፃኑ ንጉሥ አገር ስታስተዳድር፣ እትዬ ሸጊቱ ከፊት ወንበር ጮክ ብለው፣ «እንግዲህ ይችም ዘመድ ሆነች!» አሉ። አዳራሹ ሳቀ። እኔም።

ሐምሌ 4

ዝውውሩ ጸደቀ። እትዬ ሸጊቱ በዝናብ መጡ። ዣንጥላውን ሳያጥፉ በሩ ላይ ቆሙ።

«ትሄጃለሽ አሉ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ሂጂ። እናት ትናፍቃለች። ግን ምራቷን ስም ሳታወጣላት ሰደደቻት ሲሉኝ ልኖር ነው? ተቀመጪ።»

ተቀመጥሁ። አፌን ይዤ። ዳስ የለ፣ ጠላ የለ፣ እልል የሚል ጎረቤት የለ... «ሞገሴ» አሉኝ። ግንባሬን ሳሙ። «በይ ሞገሴ፣ ጭቃው ሳይብስ ልግባ።»

ቅሪ አላሉም። አንድ ጊዜም።

ሐምሌ 7

ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ለክሊራንስ። ሁለት ቦታ ፈረምሁ። ሦስተኛው ሲቀር ጸሐፊው፣ «ማኅተሙ ሌላ ክፍል ነው፤ ይጠብቁኝ» ብሎ ወጣ። ጠበቅሁ። ከሊማሊሞ ዳገት የሚመጣ የጭነት መኪና ጡሩምባ... በመስኮቱ ጉም ብቻ። ምኑን ነው የምጠብቀው? ብቀር የዳባቱ ልጅ ይቀየመኛል። እናቴም። ለእሷ ክረምቱን እሄድላታለሁ፤ መስከረም ሳይጠባ እመለሳለሁ።

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ተነሣሁ። ኮሪደሩ ላይ ጸሐፊው ማኅተሙን ይዞ ሲመለስ ተላለፍን። «እንዴት ዋሉ» አልሁት። አለፍሁ።