የፈንታነሽ ነጥብ

ሚያዝያ 12
ሱቁን ዘግቼ ወደ ሜዳ ቴኒሱ ወጣሁ። አሠልጣኛችን ጋሽ አስናቀ አዲሱን ደረጃ ለጥፈዋል። ፈንታነሽ አንደኛ፣ እመቤት ሁለተኛ፣ እኔ ሦስተኛ። ሰኔ ላይ ባሕር ዳር ለውድድር የሚሄዱት ሁለት ብቻ... ሦስተኛ መሆን ለምን ይበጃል?

ሚያዝያ 15
ጋሽ አስናቀን ጠየቅኋቸው። "ፈንታነሽ አራስ ናት። ሳትጫወት እንዴት አንደኛ ሆነች?"
"እንደ ዓለም ሴቶች ውድድር ነው የምንሠራ" አሉ። ዋንጫ የወሰደች ብዙ ነጥብ ታገኛለች፣ በፍጻሜ የተሸነፈች ያነሰ፣ በመጀመሪያው ዙር የወጣች አንድ። የነጥቡ ዕድሜ ግን ዓመት ነው። ዓመት ሲሞላው ይወርዳል፤ በዚያው ውድድር ዘንድሮ የተገኘው ይተካዋል። የፈንታነሽ ነጥብ በሙሉ የአምና ግንቦት ዋንጫ ነው። ከዚያ ወዲህ በእርግዝና አልተጫወተችም። ስለዚህ ግንቦት ላይ... ደስ አለኝ። ለራሴ ምን እዋሻለሁ?

ግንቦት 9
በግንቦቱ ውድድር ግማሽ ፍጻሜ ደረስኩ። የፈንታነሽ ነጥብ ወርዶ ዜሮ። ሁለተኛ ነኝ። ባሕር ዳር!

ግንቦት 11
ፈንታነሽን ልጠይቅ ሄድኩ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብዬ ሳልቀመጥ፣ "ነጥቤ እንዴት ነው?" አለችኝ፤ አደራ የሰጠችኝን ላም የምትጠይቅ ይመስል። ነገርኳት።
"ማን አሸነፈኝና ነው የወሰዱብኝ?"
"ማንም አልወሰደብሽም። ዓመቱ ሞላ።"
ልጅቷን ማጥባት ጀመረች።

ግንቦት 14
ስልኬ ላይ አነበብኩ። በዓለም ውድድር የወለደች ተጫዋች ነጥቧ ይወርዳል፤ የቀድሞ ደረጃዋ ግን ውድድር ለመግባት ይያዝላታል። ነጥቡ አይመለስላትም፣ በሩ ግን አይዘጋባትም። ጋሽ አስናቀ ይህን አያውቁም። እመቤትም አታውቅም። ዝም ብልስ?

ግንቦት 17
ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ ያነበብኩትን ነገርኳቸው።
"ሙኒራ፣ የምትቀሪ አንች ነሽ እኮ" አሉ ጋሽ አስናቀ።
"እንደ ዓለም ነው ብለውኛል፤ እንግዲያው እንደ ዓለም ይሁን።"
ቤት ስገባ ተናደድኩ። በሕጉ፣ በራሴ፣ በሁሉም።

ሰኔ 10
ልጅቷ ክርስትና ተነሥታለች፤ ፈንታነሽም ልምምድ ጀምራለች። ዛሬ ሱቅ መጣች። "ባሕር ዳር ልጄን ያዥልኝ" አለች። ድፍረቷ! እሺ አልኩ።

ሰኔ 22
ባሕር ዳር። ሜዳው ዳር ልጅ ታቅፌ ቆምኩ። ፈንታነሽ በመጀመሪያው ዙር ተሸነፈች፤ 6 ለ 2፣ 6 ለ 1። እኔ ብሆን እንዲህ አልሸነፍም ነበር። ምናልባት... ላብ በላብ ሆና መጣች።
"አንድ ነጥብ አገኘሁ አይደል?"
"አንድ።"
"ዜሮ አይደለሁማ!" ብላ ሳቀች። እንባዬ መጣ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።
አሁን ሁለቱም ተኝተዋል። ሚያዝያ ላይ ደክማ ብትቀርልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዛሬ ግን በርትታ ትመለስልኝ። ላሸንፋት እፈልጋለሁ። ተጫውቼ።