አንገቱ አይቀዘቅዝም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

በጥልቅ ሐዘን የማስታውቅህ ነገር አለ። አንተ በገዛ እጅህ ጠርበህ፣ ልገህ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰህ የሰጠኸኝ የቤዝ ጊታሬ የእንጨት አንገት፣ ባደረበት የመጣመም ሕመም በቤት ውስጥ ሲረዳ ቆይቶ ባለፈው ወር ከአገልግሎት ተለይቷል። ሟቹ በሕይወት ዘመኑ በብዙ ሠርግና በብዙ የሆቴል አዳራሽ በቅንነት አገልግሏል። ትዳር አልያዘም፤ አራት ክሮች ትቶ አልፏል። ለቤተሰቡ መጽናናትን እመኛለሁ። ቤተሰቡ አንተ ነህ።

ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከረምክ? እትዬስ? ልጆቹስ? የጎረቤትህ ውሻ አሁንም መጋዝህ በተነሳ ቁጥር አብሮ ይዘፍናል? ጣቶችህስ እንዴት ናቸው፣ ሁሉም በየቦታቸው አሉ? አናጺን ጤናውን ጠይቆ ጣቱን መዝለል ነውር ስለሆነ ነው፤ ለሰላምታ ያህል ነውና አትጨነቅ። እኔ ደህና ነኝ። ድካም ብቻ ነው። ተኝቼ እነሳለሁ፣ ደክሞኝ እነሳለሁ። አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶልኝ እኔ ቆሜ ያደርኩ ይመስለኛል።

ሟቹን የተካው የአልሙኒየም አንገት ነው። ሰማህ? አልሙኒየም! ስታነበው መላጊያህን ስትወረውር ታየኝ። ሙዚቃ ትቶ ጎማ መሸጥ ከጀመረ አንድ ሽማግሌ ቤዚስት ላይ ነው የወሰድኩት። ሲያስረክበኝ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ «ልጄ፣ ይሄ አንገት አንተንም እኔንም ይቀብራል» አለኝ። ነጋዴ ሲመርቅ እንዲህ ነው መሰለኝ።

ስለ ጠቀሜታው ያለ አድልዎ ልመስክር። አንደኛ ነገር አይጣመምም። ዝናብ መጣ፣ ሐሩር መጣ፣ የአዳራሹ ጣሪያ አፈሰሰ፣ እሱ እቴ! ድምፁ ደግሞ ንጹሕ ነው፤ አንድ ኖታ ከመታህ ዘፋኟ ትንፋሽ ወስዳ፣ ውሃ ጠጥታ፣ ቀሚሷን አስተካክላ እስክትመለስ ቆሞ ይጠብቃታል። ያብለጨልጫል። መብራት ሲያርፍበት ፊት ለፊት የተቀመጡት ተመጋቢዎች ዓይናቸውን ይከልላሉ፤ በዚህ ሥራ ላይ ስንቆይ ከተመጋቢ ያገኘነው የመጀመሪያው ትኩረት ነው።

ነቀፌታም አለበት። አንገቱ ከገላው ይከብዳል፤ እጅህን ለአፍታ ካነሳህለት ወደ መሬት ይዘቀዘቃል። አንገት ደፊ አገር አጥፊ ያሉት ለካ እሱን አይተው ነው። ከብርድ ወደ ሙቀት ሲገባም ቅኝቱ ይዛነፋል፤ እስኪላመድ እንደ አዲስ ሙሽራ መጠበቅ ነው። ትልቁ ሐሜት ግን ይቀዘቅዛል የሚለው ነው። ጠዋት የብረት አንገት መያዝ በረዶ እንደ መጨበጥ ነው እያሉ የሚያስወሩ አሉ። ነጭ ውሸት ነው። ስንት ጠዋት ይዤዋለሁ፣ አንድም ቀን ቀዝቅዞኝ አያውቅም። አንገቱ አይቀዘቅዝም! ይህን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

እንግዲህ ለምን ከእንጨት ወደ ብረት ተሻገርክ ትለኝ ይሆናል። የባንዳችንን መሪ ታውቀዋለህ፤ ልምምድን በአጀንዳ ስለሚከፍት ሊቀመንበሩ የምንለው ኪቦርድ ተጫዋች። ከጥቂት ወራት ጀምሮ ጨዋታ መሃል ዞር እያለ ያየኝ ጀመር። በመጨረሻ በስብሰባ ፊት፣ «ጌታው፣ ኖታዎችህ መንገድ ላይ እየሞቱ ነው። ገዳያቸው ማን ነው?» አለኝ። እኔም ሳላቅማማ፣ «አንገቱ ነው፣ ተጣሟል» አልኩት። እሱ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ግራ እጁን ከፍ አድርጎ፣ አዲስ ጫማ እንደሚያይ ሰው እያገላበጠ ተመለከተውና፣ «ይቺም እኮ በኪቦርዱ ቤዝ ትጫወታለች። ደግሞ ትራንስፖርት አትጠይቅም» አለ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ፤ የመጨረሻው ሳቂ እንዳልሆን ብዬ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠቡ በሁለት ግራ እጆች መካከል ነው። የምንጫወትበት ሆቴል ውላችንን የሚያድሰው ቅዳሜ ሲሆን፣ እስከዚያ ኖታዎቼ መሞታቸውን ካላቆሙ በውሉ ላይ የኔ ስም አይኖርም። ይህን ሲነግረኝ ሻይ ጋብዞኝ ነው፤ ጨዋ ሰው ነው፣ አንገትህን ሲቆርጥ ፎጣ ያነጥፍልሃል።

አሁን እውነቱን ልንገርህ። አንገቱ ተለወጠ፣ ኖታዎቹ ግን መሞታቸውን አላቆሙም። በጆሮዬ እሰማዋለሁ። ጣቴን ክሩ ላይ አሳርፋለሁ፣ ያረፈ ይመስለኛል፣ ከዚያ ጥርስ እንደሚፋጭ ያለ ድምፅ ይወጣል። መጀመሪያ ክሮቹን ጠረጠርኩና ለወጥኳቸው። ቀጥዬ አምፕሊፋየሩን ከሰስኩ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጥፋቱን በኤሌክትሪክ ኃይል ላይ ደፍድፌ ነበር። የቀረኝ ተጠርጣሪ የአዳራሹ ዘበኛ ነው።

ዘፋኟ ለብረቱ አንገት «ብረት ድስት» የሚል ስም አውጥታለታለች። በገባሁ ቁጥር፣ «እህሳ፣ ድስትህ ፈላ ወይ?» ትለኛለች። ትናንት ጠዋት ልምምድ ላይ ማይክራፎኗን ለማቆም ጊታሩን አንስታ ወደ ጎን ልታደርገው አንገቱን ያዘችና፣ «ኧረ በሞትኩት!» ብላ ጮኸች። እጇን በብብቷ ውስጥ ወትፋ፣ «አንተ፣ ከፍሪጅ ነው እንዴ ይዘኸው የመጣኸው? እንዴት ነው የምትይዘው?» አለችኝ። ዘፋኝ ናትና ማጋነን ሥራዋ ነው ብዬ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። እዚያው በግራ እጄ ይዤ አሳየኋት። ምንም የለም። «አየሽ?» አልኳት። አላሾፈችም። አለማሾፏ ነው ትንሽ የከነከነኝ።

ባለቤቴም ሰሞኑን እንግዳ ጠባይ አምጥታለች። እሁድ ዕለት የግራ እጄን የቀለበት ጣት ይዛ፣ «ይሄ ውሃ የቋጠረው ምንድን ነው?» አለችኝ። ከአዲሱ አንገት ጋር እየተላመድን ነው አልኳት። «ብረት እንዲህ ይልጣል?» አለችና ምድጃው ላይ ያለውን ማንቆርቆሪያ አየችው፣ እኔን አየችኝ። ከዚያ ወዲህ ሻይዬን እሷው ትቀዳልኛለች፤ ብርጭቆውንም ነክታ ካላየች አትሰጠኝም። ከተጋባን እንዲህ አክብራኝ አታውቅም። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ደግሞ የብረት ማስመሪያዋን ሟቹ አንገት ላይ አጋድማ፣ በአንድ ዓይኗ አነጣጥራ፣ «ይሄ እኮ ቀጥ ያለ ነው» አለችኝ። የተጣመመው ማስመሪያሽ ነው አልኳት። አንገቱን በጨርቅ ጠቅልዬ በመኪና ልኬልሃለሁ። ወይ በክብር ቅበረው፣ ወይ የበር መወርወሪያ አድርገው።

ስለ እንጨቱ አንድ ነገር ሳልነግርህ አላልፍም። በየክረምቱ እርጥበት ሲያሳብጠው ይዤልህ እመጣ ነበር። አንተ በመስኮቱ ብርሃን አነጣጥረህ፣ ራስህን ነቅንቀህ፣ «አሁንም አላረፈም ይሄ ልጅ» ትላለህ። እኔ ፍቅፋቂውን እየሰበሰብኩ ሥራ የረዳሁህ መስዬ እቀመጣለሁ። ብረቱ ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም። ማንንም አይፈልግም፣ ወደ ማንም አይወስድህም። ጠቃሚነቱ እዚህ ላይ ትንሽ በዛብኝ።

ዛሬ ደግሞ ይህን እየጻፍኩ አባባ ትዝ አለኝ። ከዳቦ ቤቱ ምድጃ ትሪውን በባዶ እጁ ሲያወጣ ታስታውሳለህ? የሰፈሩን ልጆች በር ላይ አሰልፈን፣ «የኛን አባት እሳት አይፈጀውም!» እያልን ብያቸውን እየተቀበልን እናሳያቸው ነበር። አንተ አስተዋዋቂ፣ እኔ ብይ ሰብሳቢ። ማታ ማታ እማማ መዳፉን ጭኗ ላይ ዘርግታ ቅባት ስትቀባው ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞር ነበር። እሱ ግን ያፏጫል። ኋላ ትሪው ከእጁ ይወድቅ ጀመር። መጀመሪያ አንድ፣ ከዚያ በየቀኑ። ዳቦ ቤቱን ለሰው አስረክቦ በር ላይ ተቀመጠ፣ እኛም አባባ ሰነፈ አልን። ለምን ዛሬ ትዝ እንዳለኝ እንጃ። ደክሞኝ ይሆናል።

በል፣ ብዙ አደከምኩህ። የላግኸው ይለስልስልህ፣ የቆረጥከው ልክ ይግጠምልህ፣ የቸነከርከው በር ለደግ እንግዳ ይከፈት። እትዬን ሳምልኝ። ልጆቹን አንድ በአንድ ጉንጫቸውን፣ እጃቸውንም ሳምልኝ።

ፍቅፋቂ ሰብሳቢው፣
ታናሽህ

ማረሚያ፤ በዚህ ደብዳቤ «አንገቱ አይቀዘቅዝም» መባሉና በፊርማ መረጋገጡ ይታወሳል። ይሁን እንጂ ደብዳቤው ሊታሸግ ሲል ጊታሩን ወደ ማኅደሩ ለመመለስ አንገቱ በቀኝ እጅ ተይዟል። ይቀዘቅዛል። እጅግ አድርጎ ይቀዘቅዛል። በግራ ተነካ፣ በቀኝ ተነካ፣ ዳግመኛ በግራ ተነካ፤ ቀኝ ይቀዘቅዘዋል፣ ግራ ምንም አይሰማውም። ስለሆነም በእንጨቱ አንገት ላይ የወጣው የሞት ማስታወቂያ ተሽሯል፤ ሟቹ ቀጥ ያለ ሆኖ ስለተገኘ ስሙ ታድሷል። እንዲሁም ስለ ጣቶችህ የቀረበው ጥያቄ «ለሰላምታ ያህል ነውና አትጨነቅ» ተብሎ የተጻፈው በስህተት ስለሆነ፣ «መጋዙን ከማስነሳትህ በፊት በሁለቱም እጅህ ቀዝቃዛ ብረት ነክተህ ቶሎ ጻፍልኝ» ተብሎ እንዲነበብ በትሕትና እንጠይቃለን።