ለልጆች ዝግ ስለነበረው የልጆች ክፍል ለሥልጠና መምሪያ ኃላፊ የቀረበ ምስጋና

የተከበሩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ሥልጠና መምሪያ ኃላፊ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የሚመች፣ ቢሮዎም ከክረምቱ ብርድ የተጠበቀ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ በከተማችን ቤተ መጻሕፍት የልጆች ክፍል ብቸኛ ሠራተኛ ስሆን፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ትምህርት ቤት የተዘጋባቸውን ልጆች ሰብስቤ አስነብባለሁ። ስሜን እንደማያስታውሱት አውቃለሁ፤ በሰጡኝ የምስክር ወረቀት ላይ የተጻፈውም የሌላ ሰው ስም ስለሆነ በዚህ አልቀየምዎትም። ደብዳቤዬን ለአደባባይ ያበቃሁት ለእርስዎ ያለኝን ምስጋና በታሸገ ፖስታ ውስጥ ማፈን ንፉግነት መስሎ ስለተሰማኝ ብቻ ነው። እንዳይበታተንም በቁጥር ከፋፍዬ አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጊዜው አመሰግናለሁ። ልጆችን ወደ ንባብ ስለ መሳብ የሚሰጠውን ሥልጠና ልጆች ትምህርት ቤት በሚውሉበት፣ የእኔም ክፍል ጭር በሚልበት ወቅት ማዘጋጀት ለማንኛውም ተራ ኃላፊ የሚቻል ነገር ነበር። እርስዎ ግን የክረምት ንባቡ እስኪጀመር፣ ልጆቹ መምጣት እስኪለምዱና ወንበር እስኪሻሙ ድረስ በትዕግሥት ጠብቀው ጠሩን። እኔ ከሌለሁ ክፍሉን የሚከፍት ሰው ስለሌለ በሩ ተቆለፈ፤ ከመምሪያዎ በደረሰን ትእዛዝ መሠረትም እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈበት፦ «ሠራተኛዋ ልጆችን ወደ ቤተ መጻሕፍት ለመሳብ የሚያስችል ሥልጠና ላይ ስለሆነች ክፍሉ ለልጆች ዝግ ነው።» የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ሦስት ጊዜ እየነቀልኩ መልሼ ለጠፍኩት፤ ወረቀቱ ጠሞ ሳይሆን፣ የጠመመው ሌላ ነገር መሆኑን ለማመን ጊዜ ስለወሰደብኝ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ሥልጠናው ይዘት አመሰግናለሁ። አሠልጣኙ ጨዋና ከረቫታቸው የማይዛነፍ ሰው ናቸው። የመጀመሪያውን ቀን ልጅ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሲተረጉሙልን ዋልን። የአብራኬን ክፋዮች ትርጉማቸውን ሳላውቅ አሳድጌ ለወግ ለማዕረግ ማብቃቴ በእውነት አሳፈረኝ። በማግስቱ በቡድን ተከፋፍለን ትንሽ ድራማ እንድንሠራ ታዘዝን፤ ለእኔ የደረሰኝ ወደ ቤተ መጻሕፍት አልገባም የሚል ልጅ መሆን ነበር። እግሬን እየጎተትኩና እየተነጫነጭኩ ሳስቸግር፣ ከሌላ ቅርንጫፍ የመጡ ጡረታ ሊወጡ የደረሱ ባልደረባዬ በከረሜላ ሊያባብሉኝ ሞከሩ። ከረሜላውን በላሁ፤ አልገባሁም። አሠልጣኙ እንዲህ ያለ እውነተኛ ልጅ አይተው እንደማያውቁ ተናገሩ። በዚያው ሰዓት እውነተኞቹ ልጆች እንግባ እያሉ የተቆለፈ በር ይገፉ እንደነበር የሰማሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ ከጎረቤቴ ጋር ስላስታረቁኝ አመሰግናለሁ። ይህኛው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ስለሚጠይቅ ትንሽ እንዲታገሡኝ እለምናለሁ።

ከልጆች ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ የሚገናኝ የሴቶች ፀጉር ቤት አለ። ባለቤቷን ልጆቹ እትዬ ካስክ ይሏታል፤ ቀኑን ሙሉ ደንበኞቿን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ደርድራ ስለምትውል ነው። እኔና እሷ ለዓመታት የምንነጋገረው በግድግዳው በኩል ነበር፤ እሷ ሬዲዮዋን ከፍ ታደርጋለች፣ እኔ ቀስ በይ ለማለት ግድግዳውን እደበድባለሁ፣ እሷም አልልም ለማለት በማበጠሪያዋ ጀርባ መልሳ ትደበድባለች።

እንግዲህ በሩ በተቆለፈ ሰሞን ልጆቹ የተዋሷቸውን መጻሕፍት በፌስታል ጠቅልለው፣ ዛሬ ይከፈት ይሆናል እያሉ ደረጃው ላይ ይኮለኮሉ ነበር። አንድ ቀን ዝናቡ ዶፉን ሲያወርደው እትዬ ካስክ በሯን ከፍታ ጠራቻቸው። ጫማቸውን ጠርገው እንዲገቡ፣ ዕቃ እንዳይነኩ፣ ደግሞም ዝም ብለው እንዳይቀመጡባት አስጠነቀቀቻቸው፤ ዝም የሚል ልጅ ያስፈራኛል ትላለች። እነሱም የያዟቸውን መጻሕፍት እየተለዋወጡ ጮክ ብለው ማንበብ ጀመሩ። ፀጉራቸው በቢጎዲን ተጠቅልሎ ካስክ ሥር የተቀመጡት ሴቶች ተነሥተው መሄድ የማይችሉ አድማጮች ሆኑ፤ እኔ በሥራ ዘመኔ ሁሉ እንዲህ ያለ የታሰረ አድማጭ አግኝቼ አላውቅም።

ከልጆቹ መካከል ሹክሹክታ የምትባል አንዲት ልጅ አለች። ስሙን ያወጡላት ጓደኞቿ ናቸው፤ ድምጿ ከከንፈሯ አያልፍም። አክስቷ በየክረምቱ እጇን ይዛ ታመጣትና አፏን እንድፈታላት ትማጸነኛለች፤ እኔም ጆሮዬን አፏ ሥር ደቅኜ ስታነብ እሰማታለሁ እንጂ ጮክ በይ ብዬ አስጨንቄያት አላውቅም። ያን ቀን ግን የተቀመጠችው ካስክ ሥር ከነበሩ አንዲት ነጋዴ አጠገብ ነው። ካስኩ ጆሯቸው ላይ ስለሚያገሳባቸው ሴትዮዋ የሚታያቸው የልጅቷ ከንፈር ሲንቀሳቀስ ብቻ ነበር። ተረቱ ጎርፍ የሞላውን ወንዝ ልትሻገር ስለገባች ፍየል ነው። ፍየሏ መሃል ወንዝ ላይ ስትደርስ ነጋዴዋ መታገሥ አቃታቸውና፣ ተሻገረች ወይስ አልተሻገረችም ብለው ጠየቁ። ልጅቷ መለሰች፤ አልሰሙም። ደግማ መለሰች፤ አሁንም አልሰሙም። በመጨረሻ የፍየሏ ነገር ቢያስጨንቃቸው ግማሽ የደረቀ ጭንቅላታቸውን ከካስኩ ሊያወጡ ሲነሡ፣ እትዬ ካስክ ሥራዬን ልታበላሹብኝ ነው ብላ ከወዲያ ጮኸች። ይህን ጊዜ ሹክሹክታ ብድግ ብላ በሙሉ ድምጿ፦

«ተሻግራለች፣ እትዬ! ይቀመጡ!»

እንደነገሩኝ፣ እትዬ ካስክ ሄዳ ሬዲዮዋን አጠፋች፤ እኔ ለዓመታት ግድግዳ ስደበድብ ያላደረገችውን ማለት ነው። ልጅቷም ተረቱን ከመጀመሪያው ጀምራ እስከ መጨረሻው አነበበችላቸው፤ ነጋዴዋም ፀጉራቸው ከደረቀ በኋላ ሌላ አንድ ተረት እስክትጨርስ ድረስ ተቀመጡ። ማታ አክስቷ ይህን ስትሰማ እውነት መሆኑን ልጆቹን ደጋግማ አስምላቸዋለች።

አራተኛ፣ ስለ ሪፖርትዎ አመሰግናለሁ። ከሥልጠናው በተመለስኩ ማግስት ደብዳቤዎ ደረሰኝ። በሥልጠናው ሰሞን ወደ ልጆች ክፍል የገባ አንድም ልጅ አለመኖሩ ስለተረጋገጠ፣ የክረምት ንባቡ ፈላጊ የሌለው መሆኑ ታምኖበት እንዲቋረጥ፣ ክፍሉም ወደፊት ለባለሙያዎች ማሠልጠኛ አዳራሽ እንዲሆን መወሰኑን ይገልጻል። ደብዳቤዎን እንደ ቀልድ ለማንበብ ሞክሬ ነበር፤ እውነቱን ልንገርዎትና አልሆነልኝም። ትንንሾቹን ወንበሮች ጠረጴዛ ላይ ሰቃቅዬ ስጨርስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ጎረቤቴ ሰማችኝና መጣች። ደብዳቤውን አንብባ መለሰችልኝ። ተነሥቼ ፊቴን እንድታጠብና ወደ እርስዎ እንድንሄድ ብቻ ነገረችኝ።

ወደ መሥሪያ ቤትዎ ስንመጣ ልጆቹ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ነበርን። ፀጉራቸው እስኪደርቅ መጠበቅ ያልፈለጉ ደንበኞችም ቢጎዲናቸውን በሻሽ ሸፍነው አብረውን ስለመጡ፣ ዘበኛው ሙሽራ አጃቢ መስለነው እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ አሳለፈን። እርስዎ ለሌላ ሥልጠና ወጥተው ስለነበር ምክትልዎ ተቀበሉን። በሪፖርቱ መሠረት በተባለው ጊዜ የመጣ ልጅ እንደሌለ፣ እሳቸውም ከሪፖርት ውጭ ሊወስኑ እንደማይችሉ በትሕትና አስረዱን። እኔ መልስ ስፈልግ፣ እትዬ ካስክም እጇን ወገቧ ላይ ስታደርግ፣ ከሁላችን ቀድማ የተናገረችው ሹክሹክታ ናት፦

«እኛማ መጥተን ነበር። ያልነበራችሁት እናንተ ናችሁ።»

ድምጿ ኮሪደሩን ዘልቆ ሄደ፤ በየቢሮው በር ላይ አንገቶች ብቅ ብቅ አሉ። ምክትልዎ መነጽራቸውን አውልቀው ረዘም ላለ ጊዜ ጠረጉት። ከዚያ ወረቀት ስበው፣ ክፍሉ ክረምቱ እስኪያልቅ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ፣ የከርሞው ጉዳይ ግን የእርስዎን ውሳኔ እንዲጠብቅ ጻፉልን። በዚያ ወረቀት እነሆ እስከ ዛሬ እናነባለን።

እንግዲህ ክቡርነትዎ፣ የቀረው የእርስዎ ፊርማ ነው። ሥልጠና አያስፈልገንም እንዳላልኩ ይመዝገብልኝ፤ የሚያስፈልገን መሆኑን በሻይ ሰዓት አይቻለሁ። በከረሜላ ያባበሉኝ ባልደረባዬ፣ በእሳቸው ቅርንጫፍ ማንበብ የሚያፍሩ ልጆችን ዓይናቸው ለደከመ ሽማግሌዎች ጋዜጣ እንዲያነቡ እንደሚልኳቸው ያጫወቱኝ በሻይ ሰዓት ነው፤ እኔም ጨዋታውን ሳልጠግብ ወደ አዳራሽ ተመለሱ ተባልን። ስለዚህ ለከርሞ ንግግሩን አሳጥረው ሻዩን ቢያስረዝሙልን፣ ጥሪውንም ልጆቹ ትምህርት ቤት በሚውሉበት ወራት ቢያደርጉልን፣ ክፍላችንንም ለልጆቹ ቢተዉልን ውለታዎን አንረሳም።

እስከዚያው የእርስዎን ውሳኔ በአክብሮት፣ የልጆቹን ጩኸት ደግሞ በደስታ እየጠበቅሁ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበትዎታለሁ፤

የምስክር ወረቀቱ ላይ ስሟ የሌለ፣ ክፍሏ ውስጥ ግን የማትጠፋ
የልጆች ክፍል ሠራተኛ

ከፈረምኩ በኋላ የታወሰኝ፦ በመዝጊያው ዕለት ያደሉን ወፍራም የሥልጠና መመሪያ በክፍላችን መደርደሪያ ላይ በክብር ተቀምጦ ነበር። እስካሁን ገልጦ ያየው የለም። ትናንት ግን አንድ ቁመቱ ያልደረሰለት ሕፃን አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠውና ቆመበት፤ ከላይኛው መደርደሪያም የሚፈልገውን የተረት መጽሐፍ አወረደ። ስለዚህ መመሪያዎ አንድም ልጅ ወደ ንባብ አላቀረበም ብሎ የሚያማዎት ሰው ቢኖር እኔን ይጥሩኝ፤ ምስክር ሆኜ እቆምልዎታለሁ።