ከፈተናሽ በኋላ

ሰኞ፣ ኖቬምበር 4
ዝናብ። ከባቡር ጣቢያው እስከ ቤት በሰበስኩ። አብራኝ የምትኖረው ኤደን ፓስታ ሠርታ ጠበቀችኝ።

የዶክትሬት ፈተናዬ የፊታችን ሳምንት ሐሙስ ነው። የጥንት ቡድሂስቶች የመምህራቸውን ቃል እንዴት መደቡት? አንዱ ወገን ዘጠኝ ዓይነት ነው ይላል፣ ሌላው አሥራ ሁለት። በሦስት ክፍል፣ እነሱ «ቅርጫት» በሚሉት፣ የደለደሉት አሉ። ሦስተኛውን ቅርጫት ደግሞ «ይሄ የእሱ ቃል አይደለም» ብለው የገፉት አሉ... ትናንት በስልክ ለእማዬ ነገርኳት። ሆስፒታል ተኝታም ትከራከራለች። «ሰውዬው አንድ፤ ምን ያጨቃጭቃቸዋል?» ድምጿ ግን ደክሟል።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 7
አዲስ አበባ ደወልኩ። እህቴ ፅዮን አነሳች።
«እማዬን አቅርቢልኝ።»
«ተኝታለች።»
ትናንትም ተኝታ ነበር።
«ልምጣ እንዴ?»
«ምን ልትሠሪ? ከፈተናሽ በኋላ እንደ ልብሽ ታወሪያታለሽ።»
ድምጿ ጎርንኗል። ጉንፋን ነው አለችኝ።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 9
ኤደን ስልኬን ወሰደችው። «ፎከስ አድርጊ። ፅዮንን እኔ ኮል አደርግልሻለሁ።» እንደ ልጅ!

ጋሽ መርዕድ፣ የእማዬ የአክስት ልጅ፣ ከከተማው ሌላ ጫፍ፣ ከዌስተን ድረስ ምግብ ይዘውልኝ መጡ። ሳይቀመጡ «በርቺ ልጄ» ብለው ወጡ። ዓይኔን አላዩኝም። ምን ሆነዋል? ልጠይቃቸው ነበር... ፈራሁ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 14
አለፍኩ።

ፕሮፌሰሯ «ቃሉ የእሱ መሆን አለመሆኑን ማን ወሰነ?» አለችኝ። «እሱ ከሞተ በኋላ የቀሩት» አልኩ። ፈታኞቹ ወደዱት።

ኤደን አቅፋኝ አለቀሰች። ስልኬን ግን «ነገ» አለች።

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16
ትናንት ገና ሳይነጋ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ መርዕድ፤ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሰው ምን ይዞ እንደሚመጣ ማን ያጣዋል?
«እናትሽ አርፋለች፣ ልጄ።»
«መቼ?»
ክንዴን ይዘው ወደ ውስጥ መሩኝ።
«ጋሼ፣ መቼ?»
«ባለፈው ሳምንት... ረቡዕ።»
ፅዮን በማግስቱ ሐሙስ ስልኩን ያነሳችልኝ ከቀብር ተመልሳ ነው።
«ፈተናሽ እንዳይበላሽ ብለን ነው። እሷም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምትለው።»
እንዴት አወቁ? ማን ጠየቃት?

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ኤደን ሻይ ታመጣልኛለች፤ አላናግራትም። ፅዮን ደጋግማ ትደውላለች፤ አላነሳም። ደግነታቸው አንገሸገሸኝ። እነሱ አልቅሰው፣ ቀብረው፣ እንባቸውን ጠርገው ነው የመጡት። እናቴን ለማልቀስ እንኳ የመጨረሻዋ ሰው እኔ ሆንኩ።