ስለ ሐጂ ታጁዲን አንቴናና ስላልተሰማው የልጄ ጥሪ

ለወረዳው የመገናኛ ጉዳዮች ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሱላዌሲ
ጁላይ 22 ቀን 2024 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ በደሴታችን አየር ላይ የሚደረገው መጨናነቅ ተጣርቶ ትእዛዝ እንዲሰጥልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ማርሃማ በላሞላ ደሴት ዓሣ አድርቄ በመሸጥ የምተዳደር ነኝ። ደሴታችን የስልክ ምሰሶ ስለሌላት የአጥማጆች ማኅበር ለየቤቱና ለየጀልባው ትንንሽ ሳጥኖች አድሎናል፤ ያለ ምሰሶ እርስ በርሳቸው ድምፅ ይቀባበላሉ። ጥቂት ቤቶች ብቻ በያዟቸው ጊዜ ልጄ ሳፍሩል ባሕር ላይ ሲያስል እንኳ ይሰማኝ ነበር። ዛሬ ሳጥን የሌለው ቤት የለም፤ የሚሰማ ነገር ግን ጠፋ።

2. ጎረቤቴ ሐጂ ታጁዲንም ዓሣ ነጋዴ ናቸው። መካ ከመሄዳቸው በፊት ጣሪያቸው ላይ ረጅም አንቴና አቆሙ። የእኔን ገበያ ለማፈን ነው ብዬ ጠረጠርሁ፤ አሁንም እጠረጥራለሁ። እኔም ዝም አላልሁም፣ ከእሳቸው በሚረዝም ቀርከሃ ላይ የራሴን ሰቀልሁ። መንደሩም ተከተለን።

3. ከሐጅ የተመለሱ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደሴቱ በሙሉ በሳጥኑ እንኳን ደህና መጡ አላቸው። በእኛ ዘንድ ሐጂን ሰላም ያለ ሰው መልስ ያገኛል፤ ያላገኘ ተንቋል። እኔም ቀናች እንዳልባል ላክሁ። መልስ የለም። ንቀውኝ ነው ብዬ እልህ ይዞኝ መልስ ሳላገኝ አልተውም ብዬ ደጋገምሁ። በዚያው ሰዓት የልጄ ሞተር ከደሴታችን ፊት ካለው ዓለት ማዶ ጠፍቶ ውኃው እየወሰደው ነበር። ጥሪው «እማ...» ከሚል ቁራጭ በቀር አልደረሰኝም። በማግሥቱ የሌላ ደሴት ጀልባ ልጄን ከንፈሩ በጥም እንደተሰነጣጠቀ አመጣልኝ።

4. ጽሕፈት ቤትዎ የላከው ባለሙያ ዊራ መጥቶ፣ «እትዬ፣ ማንም አላፈነዎትም። ሁላችሁም ባንዴ ትጮኻላችሁ። ያልተሰማው ይደግማል፤ ሲደግም የሌላውን ይሸፍናል፤ ያም ይደግማል። አንቴናው ሲረዝም ጩኸቱ ይብሳል» አለኝ። ሐጂውን መርምር ብዬ ስነግረው፣ «እርስዎስ ያን ሰዓት ምን ይልኩ ነበር?» አለኝ። ጥያቄውን አልወደድሁትም። ምሳውንም የበላው ሐጂ ቤት ነው፤ የተጠበሰ ቱና ዓሣ ከነሳምባሉ፣ ከነበርበሬ ማባያው። ይህ ይመዝገብልኝ። ሆኖም የመንደሩን እኩሌታ ሳጥን ሲያስጠፋ፣ የሳፍሩል ድምፅ ከባሕር እንደ ድሮው ጥርት ብሎ መጣ። ቤቴ ገብቼ አለቀስሁ።

5. ከዚያ ወዲህ ጀልባ ባሕር ላይ እያለ አዳምጣለሁ እንጂ አልናገርም። መንደሩ «ማርሃማ ኮራች» ይላል። ሐጂ ታጁዲን ትናንት ጀልባዎቹ ሳይመለሱ፣ «አንቺ ማርሃማ፣ ምነው ድምፅሽ ጠፋ? ተቀየምሽን እንዴ?» እያሉ በሳጥኑ ደጋገሙብኝ። እየፈተኑኝ ነው። ጣቴን ከቁልፉ ላይ አነሣሁ፤ ሳፍሩል ከዓለቱ ማዶ ነበር።

6. ስለዚህ ጀልባ ባሕር ላይ ባለ ጊዜ ማንም ለሰላምታ ብሎ በሳጥኑ እንዳይናገር፣ አንቴናዎችም ከሐጂው ጀምሮ፣ የእኔም ጭምር፣ እንዲወርዱ በጽሑፍ ይታዘዝልን። በእኛ ደሴት ሰላም ተብሎ ዝም ያለ ባለጌ ነው፤ ትእዛዝ ከወጣ ግን ዝምታችን ነውር አይሆንም። ልጄ ነገም ይወጣል።

ከሰላምታ ጋር፤ ለሰላምታዬ መልስ አይላኩልኝ፣ ለአቤቱታዬ ግን እጠብቃለሁ።

ማርሃማ ላሁዳ
(ፊርማ)