«አቤት» ከሚለው በፊት

ጥር 5፣ 2003
ፈተና ሳርም ዋልኩ። ወረታ ዛሬ መብራት አልጠፋም፤ ተመስገን።
እማማ ይታይሽ ከቁሐር ሚካኤል መጡ፣ የተማሪዬ የወለላ እናት። ክረምት ላይ ያረፉት ባለቤታቸው፣ ጋሽ ማረው፣ አምና አውድማ ላይ በሬ እየነዱ ሲያዜሙ ወለላ በስልክ ቀድታቸው ነበር። ስልኩ ተበላሸ። የተረፈው ድምፁ ያለበት ሚሞሪ ካርድ ነው፤ ሬዲዮናቸው ደግሞ ኤም ፒ ስሪ የሚባለው የፋይል ዓይነት ካልሆነ አያነብም።
«ሬዲዮው እንዲያሰማኝ አርጊልኝ፣ ልጄ።»
ቀላል ነው አልኳቸው። ምን አፌን አስከፈተኝ?

ጥር 6
ፋይሉን ከሚሞሪው ወደ ኮምፒውተሬ አዛውሬ ወደ ኤም ፒ ስሪ ቀየርኩት። መጀመሪያው ላይ ሳል፣ ንፋስ፣ የሆነ ሰው ጩኸት... ቆርጬ ጣልኩት። ዜማው ጥርት አለ። ጎበዝ አልኩ ለራሴ።

ጥር 8
እዚሁ ኮምፒውተሬ አጠገብ ቁጭ ብለው ሰሙት። ከዜማው በፊት የራሳቸው የእማማ ድምፅ ከሩቅ «አቤት!» ይላል። ፈገግ አሉ። ከዚያ ፊታቸው ተለወጠ።
«ስሜን የጠራበትስ?»
«የቱ?»
«‹ይታይሽ!› አለኝ እኮ። እድሜ ልኩን ‹አንች› እንጅ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። የዚያን ቀን ብቻ...»
አልነበረም አልኳቸው። ዋሸሁ! ዓይናቸውን እያየሁ።
ሲሄዱ ዋናውን ፋይል ፈለግኩ። የለም። ፕሮግራሙ ላይ «ሲጨርስ ዋናውን አጥፋ» የሚለው ምልክት ተደርጎበታል። ለዘፈኖቼ ብዬ፣ ዲስኩ እንዳይሞላ፣ ራሴ ያደረግኩት። አሁን ከየት ላምጣው?

ጥር 9
ክፍል ውስጥ ወለላን ማየት አቃተኝ።

ጥር 11
ጥምቀት። ታቦት ልሸኝ እንኳ አልወጣሁም። በምን ዓይኔ?

ጥር 14
ቁሐር ሄድኩ። ነገርኳቸው። «እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ዝም ብሎ ጩኸት መስሎኝ... ከዚያም ዋሸሁዎት።»
ሬዲዮውን ከፈቱት። «አቤት!» ዘጉት፣ ደግሞ ከፈቱት።
«ሳልጠራ አቤት አልልም» አሉ ቀስ ብለው። «ጠርቶኛል ማለት ነው።»
ይቅር ብየሻለሁ አላሉኝም። እኔም ልጠይቃቸው አልደፈርኩም።

ጥር 20
ወለላ የጓደኛዋን ስልክ ይዛ መጣች። የእናቷን ድምፅ ቀድታለች፣ እንድቀይርላት።
«ምንም እንዳይቆረጥ ብላለች እናቴ፣ ቲቸር።»
ይገባኛል። «አጥፋ» የሚለውን ምልክት ከፕሮግራሙ አነሳሁ፤ ዋናውን ሁለት ቦታ አስቀመጥኩ፤ ከዚያ ቀየርኩት። ከፈትኩት። ሳል። ውሻ። ንፋስ። ከዚያ እማማ ይታይሽ፦
«ወለላ!»
«አቤት!» አለች ልጅቷ፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ።