በመርከብ በሮች የተሠራው ቤት

ኤፕሪል 6
ዛሬ የቅርስ ኮሚቴ ስብሰባ። ከተማችን የእንፋሎት መርከብ ዘመኗን ልታከብር ነው። ለበዓሉ መኪና ማቆሚያ ያስፈልጋል። ስለዚህ ወንዙ ዳር የቀረው የመጨረሻው የመርከብ መጋዘን ይፈርሳል። ታሪክ እንዲህ ነው የሚከበረው። መጋዘኑ ውስጥ የምትኖረው ቬርና ትሮስትል የት ትግባ? ማንም አልጠየቀም።

“የካፒቴኑ ቤት” የሚሉት ግን ለበዓሉ ቀለም ይቀባል። የሠራው የባቡር ጣቢያ ኃላፊ ነበር... ይህንኑ ተናገርኩ።

“መምህር፣ ዛሬ ፈተና የለም” አለኝ ዱዌን ኬስሊንግ፣ ሊቀመንበሩ። ተማሪዬ ነበር። ያኔም ፈተና አይወድም።

ኤፕሪል 9
ቬርና ጋ። ከምድጃዋ ጀርባ የግድግዳው ወረቀት በእርጥበት ተልጧል። ከሥሩ በር። ከጎኑ ሌላ በር... ነጭ፣ ጠባብ፣ በወርቅማ ቀለም ቁጥር የተጻፈበት። የመርከብ መኝታ ክፍል በሮች! አያቶቻችን መርከብ ሲሰምጥ ያለቅሱ ነበር። አልቅሰው ሲጨርሱ ጋሪ ይዘው ይመጡና እንጨቱን ይለቅማሉ። ግማሹ ከተማ የተሠራው እንዲህ ነው።

“ቬርና፣ ቤትሽ ዳነ!”

“ከነሱስ ይዳን፤ ካንተ ማን ያድነዋል? ወረቀቱን ልጠህ ጨረስከው እኮ!”

ኤፕሪል 20
ዱዌን በሮቹን አየ። ዳሰሳቸው። “መምህር፣ ይሄንን የት ደብቀውት ነበር?” እኔ ደብቄው!

ማፍረሱ ቀረ፤ በሙሉ ድምፅ። ቬርና የኮክ ፓይ ጋገረችልኝ። ደግሜ በላሁ።

ሜይ 14
ውሳኔው በጽሑፍ መጣ። ቤቱ “ወደ ጥንት ይዞታው” ይመለሳል። በጥንት ይዞታው ወጥ ቤት የለውም። መጸዳጃ ቤት የለውም። ቬርናም የለችም።

ዱዌን ጋ ሄድኩ። “ሴትየዋስ?”

“በምረቃው ዕለት ሪባኑን እሷ ትቆርጣለች፣ መምህር። አስበንበታል።”

አስበውበታል... እኔስ? ምን አስቤ ነበር?

ጁን 2
ቬርና ቤቴ ፎቅ ላይ ያለው ትርፍ ክፍል ገባች። ድመቷም። የምድጃዬን አቀማመጥ አልወደደችውም፤ አዛወረችው። ምን መብት አለኝ?

ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ዱዌን። ኮሚቴው በበሮቹ ስለተደሰተ ሌሎች አሮጌ ቤቶችን እየመዘገበ ነው።

“መምህር፣ ይሄ ቤት መቼ ነው የተሠራው? ደረጃው የመርከብ እንጨት ይመስላል።”

ዕድሜዬን ሙሉ ታሪክ አስተማርኩ። ዓመተ ምሕረት ለሳተ ተማሪ ምሕረት አልነበረኝም።

“አምና” አልኩት።

ቬርና ከፎቅ ጮኸች። “ግድግዳውን እንዳትደገፍ፣ ዱዌን! ቀለሙ አልደረቀም!”